የማያመው የዓይን ጀርባ

አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ዓይኑን ያመመው ሰው ወይ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ጠበል፣ ወይ ቁልቁል ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ሁለቱንም የሚሞክር ብዙ ነው። በ1902 ዓ.ም. የተቋቋመው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪሞችን የሚያሠለጥንበት፣ ከየክፍለ ሀገሩ ሕመምተኛ የሚላክበት ቦታ ነው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክም በ1995 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዚሁ ግቢ ነው። ባንኩ ከለጋሽ የሚወስደው የዓይንን የፊት መስታወት፣ ኮርኒያን ነው። ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ሬቲና ግን ከለጋሽ ተወስዶ አይተካም።

የአገራችን የዓይን ሕክምና ለረጅም ጊዜ የደከመው ለዓይን ፊት ነው፤ ምክንያትም ነበረው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን ሲያሳይ፣ ግማሹን ያህል ያሳወረው የዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶውን ደግሞ ትራኮማ ነበር። ሁለቱም በባትሪ ብርሃን ይታያሉ። የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማና የሬቲና ሕመም ግን ከብሌኑ ጀርባ ተደብቀው ይሠራሉ። ብዙውን ጊዜ አያሙም፣ አያሳክኩም። ማየት ሲቀንስ ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው መነጽሩን ነው፤ ይቀይራል፣ ዓመት ቆይቶ እንደገና ይቀይራል።

ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1851 የዓይን ጀርባ ማያውን መሣሪያ ይፋ እስኪያደርግ ድረስ ብሌን ለሐኪም ጥቁር ቀዳዳ ነበር። መሣሪያው በሩን ከፈተ፤ የታየው ነገር ግን ሐኪሙ ጭንቅላት ውስጥ ቀረ፣ ቢበዛ ካርድ ላይ በእጅ ተሣለ። የዓይን ጀርባን ፎቶ የሚያነሳው ካሜራ ሲመጣ አንዱ ያየውን ሌላው ማየት ቻለ።

የካሜራው ምርመራ ቀላል ነው። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግና ሃያ ደቂቃ ያህል አግዳሚ ላይ ይጠበቃል። አገጭን ማሳረፊያው ላይ አድርጎ «ዓይንህን አትጨፍን» ሲባል ብርሃን ቦግ ይላል፣ ስክሪኑ ላይ ብርቱካንማ ክብ ይመጣል። በአንድ ጎን ፈዛዛ ቢጫ ሳንቲም የመሰለችው የዓይን ነርቭ የሚወጣባት ቦታ ናት፤ ከእሷ ደም ሥሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይበተናሉ። የሰውን ደም ሥር ሳይቀድዱ በቀጥታ ከሚያዩባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ስኳር በጎዳው ዓይን ላይ ቀይ ነጠብጣብና የቅቤ ፍርፋሪ የመሰለ ቢጫ ነገር ይታያል። ሰውየው ግን የእይታ ሰሌዳውን እስከ ታች አንብቦ የገባ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው በሽታው በታወቀ ሰሞን፣ ከዚያም በየዓመቱ የዓይኑን ጀርባ ይታይ የሚባለው በከንቱ አይደለም። በጊዜ የተገኘ ጉዳት በሌዘር ወይም ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ይያዛል። ለግላኮማ ደግሞ ከአንድ ፎቶ ይልቅ ሁለት ፎቶ ይናገራል፤ የዓይን ነርቩ መውጫ ላይ ያለው ጉድጓድ መስፋቱ የሚታወቀው ካምናው ጋር ሲተያይ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው፣ ኦሲቲ የሚባለው የብርሃን ቅኝት የሬቲናን ንብርብር በማይክሮን እየለካ ይህን ንጽጽር አጥርቶታል። 

ፎቶውን የሠለጠነ ነርስም ያነሳዋል፤ ስኳር ያቆሰለውን ሬቲና ለይቶ የሚያውቅ ኮምፒውተርም በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ሆኖም ሞራ የጋረደውን ዓይን ካሜራ አያልፈውም፣ የዓይን ግፊትንም አይለካም። ሌዘርና መርፌ በሌለበት ደግሞ ፎቶው መርዶ ብቻ ነው። ካሜራ የሚገዛ ጤና ተቋም ታካሚውን ወዴት እንደሚልክ አስቀድሞ ይወቅ እላለሁ።

ለምርመራ ስትሄዱ ጠብታው ለሰዓታት ያደበዝዛልና መኪና አትያዙ። ስትወጡም ፎቶውን በስልካችሁ ጠይቁ፤ የከርሞው ሐኪም ይፈልገዋል።