የመቀሌ አየር፦ ከመለኪያ ቁጥር ወደ ደንብ አንቀጽ

እንደሚታወቀው የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ያረጋግጣል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የአየር ጥራት ደረጃዎች እንዲወሰኑ ደንግጓል፤ ክልሎች እንደየሁኔታቸው ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ እንዲያወጡ ሲፈቅድ፣ የላላ እንዳያወጡ ከልክሏል። ሕጉ መንገዱን ይህን ያህል ካመቻቸ፣ ተመራማሪ የሚያገኘው ቁጥር የደንብ አንቀጽ ለመሆን ምን ይጎድለዋል? በዚህ ጽሑፍ መቀሌን ምሳሌ አድርገን የምናብራራው ይህንኑ ነው።

ከአየር በካዮች መካከል ለጤና እጅግ ከሚያሳስቡት አንዱ ብናኝ ነው። ስፋቱ ከ10 ማይክሮ ሜትር የማይበልጠው ፒ.ኤም. 10፣ ከ2.5 የማይበልጠው ደግሞ ፒ.ኤም. 2.5 ይባላል። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮ ሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ፣ ደቃቁ ብናኝ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ለምን እንደሚዘልቅ ግልጽ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ የፒ.ኤም. 2.5ን የዓመት አማካይ በሜትር ኩብ ከ10 ወደ 5 ማይክሮ ግራም ዝቅ አድርጎታል።

ይሁን እንጂ «ሜትር ኩብ» ሲባል የየትኛው አየር ነው? መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከአራት ሦስት እጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የሙቀቱ ልዩነት ሲታሰብ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ለምሳሌ በከተማዋ የፒ.ኤም. 10 የ24 ሰዓት አማካይ 40 ማይክሮ ግራም ሆኖ ቢለካ፣ ይኸው መጠን በባሕር ጠለል ግፊትና በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተሰልቶ ሲጻፍ 50 ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የ24 ሰዓት መመሪያ 45 ነው። እንግዲህ ያው አንድ አየር በአንደኛው ዘገባ ከመመሪያው በታች፣ በሌላው ከመመሪያው በላይ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። በአሜሪካ ፒ.ኤም. 10 በመደበኛ ግፊትና ሙቀት፣ ፒ.ኤም. 2.5 ደግሞ በቦታው ሁኔታ ይገለጻል፤ በአውሮፓ ኅብረት ሁለቱም በቦታው ሁኔታ ይገለጻሉ። ሰው የሚተነፍሰው ያለበትን ቦታ አየር ስለሆነ ለብናኝ የኋለኛው ይሻላል እንላለን። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ደንቡ የመረጠውን በግልጽ መጻፉ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። በበጋ ሌሊት ሰማይ ሲጠራ ምድር ሙቀቷን ቶሎ ትለቃለች፤ ከላይዋ ያለው አየርም ይቀዘቅዛል። ከዚህ በላይ ያለው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ስለሚሆን የማለዳ የማገዶና የተሽከርካሪ ጭስ መሬት ለመሬት ተኝቶ ይቆያል፤ ፀሐይ ስትበረታ ይበተናል። በመሆኑም ቀትር ላይ ብቻ የለካ ሰው ከተማዋን ከሚገባት በላይ ንጹሕ፣ ማለዳ ብቻ የለካ ደግሞ ከሚገባት በላይ ብክል አድርጎ ያቀርባታል። የጥቂት ቀናት ልኬት ከዓመት አማካይ ደረጃ ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

ሦስተኛው የብናኙ ምንጭ ነው። በማጣሪያ ላይ የተገኘ ካልሲየም ከመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሊመጣ ይችላል፤ ነገር ግን የመቀሌ አካባቢ የኖራ ድንጋይ የሚበዛበት በመሆኑ አስፋልት ካልለበሰ መንገድ የሚነሣ አቧራም ካልሲየም ይይዛል። የአንዱ መፍትሔ የጭስ ማውጫ ማጣሪያ፣ የሌላው የመንገድ ንጣፍ ነው። ጥላሸት ከሆነ ደግሞ ናፍጣንና የቤት ውስጥ ምድጃን መመልከት ያስፈልጋል። ከነፋሱ መነሻና መድረሻ በኩል በአንድ ጊዜ ካልተለካ፣ የሕዝብ ገንዘብ ለተሳሳተ መድኃኒት ሊውል ይችላል።

የአዲስ አበባ ተሞክሮ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ይሰጠናል። በአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የፒ.ኤም. 2.5 መጠን በየሰዓቱ ይለካና ለሕዝብ ይገለጽ ነበር። ከተማ አስተዳደሩም ከ2021 እስከ 2025 የሚያገለግል የአየር ጥራት አያያዝ ዕቅድ አዘጋጅቷል። ሆኖም የአሜሪካ መንግሥት በመጋቢት 2025 በየአገሩ ካሉት ኤምባሲዎቹ የሚሰበሰበውን መረጃ ማሰራጨት አቆመ። በሌላ አካል መሣሪያ ላይ የተመሠረተ ፖሊሲ መሣሪያው ዝም ሲል ዓይኑን ያጣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስትከለክል፣ ውሳኔው ለከተሞች አየር ያስገኘውን ጥቅም ማወቅ የሚቻለው ከውሳኔው በፊትም በኋላም ያለማቋረጥ በተለካበት ቦታ ብቻ ነው።

ስለዚህ ተመራማሪው ለአስተዳደሩ የሚያቀርበው ቁጥር በምን ግፊትና ሙቀት፣ በየትኛው ሰዓትና ወቅት፣ ከየትኛው ምንጭ እንደተገኘ አብሮ ሊገልጽ ይገባል። አስተዳደሩም በበኩሉ የትኛውን ውሳኔ ለመወሰን መረጃ እንደሚፈልግ ጥናቱ ሳይጀመር ቢናገር፣ ልኬቱ ለዚያ ውሳኔ እንዲመች ሆኖ ይነደፋል። ለዚህ ሥራ የመነሻው ወጪ ጥቂት ቋሚ ጣቢያዎች፣ በየጊዜው መሣሪያ የሚያስተካክል ባለሙያና መዝገቡን የሚጠብቅ አንድ ቢሮ ነው።