ጉብኝት ከደጃችን ይጀምራል፦ ከሚዛን እስከ ጅማ ያሉ ቅርሶቻችን

በዛሬው ዝግጅታችን ታሪካዊ ቦታዎችንና ሙዚየሞችን ስለመጎብኘት፣ በተለይም በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢው የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው በቅርብ ሊያዩዋቸው ስለሚችሉ ቅርሶች እንነጋገራለን።

ብዙዎቻችን «ጉብኝት» ሲባል የፈረንጅ ሥራ ይመስለናል። ገንዘብና ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው የሚያደርገው መዝናኛ አድርገን እናየዋለን። በሌላ በኩል በጀርመን ወይም በኦስትሪያ የሚኖር ዘመድ በአንድ ትልቅ ሙዚየም በር ላይ የተነሳውን ፎቶግራፍ ሲልክልን ልጆቻችን ተሰብስበው ያያሉ፣ ያደንቃሉም። እነዚሁ ልጆች ግን በየቀኑ የሚሸቱት ቡና ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ፣ አያቶቻቸው የቀሩበት ኪታብ ማን እጅ እንዳለ ቢጠየቁ መልስ የላቸውም። ይህ ክፍተት ዛሬ ካልተሞላ ነገ የሚሞላው ሰው ላይኖር ይችላል።

ምድርን ዞሮ ማየት በእስልምና

ቅዱስ ቁርኣን በብዙ ቦታ ሰዎች በምድር ላይ እንዲሄዱና ከእነርሱ በፊት የነበሩት ሕዝቦች ፍጻሜ እንዴት እንደሆነ እንዲመለከቱ ያዛል። በሱረቱል ዐንከቡት ቁጥር 20 የፍጥረትን አጀማመር እንድንመለከት ሲያሳስበን፣ በሱረቱል ሐጅ ቁጥር 46 ደግሞ የሚታወረው ዓይን ሳይሆን በደረት ውስጥ ያለው ልብ መሆኑን ያስገነዝበናል። በመሆኑም የጉብኝታችን ዓላማ ትምህርት (ዒብራ) መውሰድ ነው።

ይሁንና አንድ ነገር ለይተን እንወቅ። ለዒባዳ ተብሎ ጓዝ ተጠቅልሎ የሚኬድባቸው መስጂዶች በመካ፣ በመዲናና በቁድስ የሚገኙት ሦስቱ ብቻ እንደሆኑ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ስለዚህ ወደ አሮጌ መስጂድ፣ ቤተ መንግሥት ወይም መቃብር ስንሄድ ታሪኩን ለመማር እንጂ ከግንቡ ወይም ከመቃብሩ በረካ ለመፈለግ መሆን የለበትም። ይህን ለልጆቻችን ከመነሳታችን በፊት መንገር ይገባናል።

ቦንጋ፦ የቡና መነሻ

ከሚዛን ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ የዉሽዉሽን የሻይ ማሳ አልፎ ቦንጋ ይደርሳል። በቦንጋ ከኢትዮጵያ ሚሊኒየም በዓል ጋር ተያይዞ የታሰበው የብሔራዊ ቡና ሙዚየም ሕንጻ ይገኛል። በዙሪያው ያለው የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በባዮስፌርነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ለዚህም አንድ የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ብዙ ደክሟል። ዓለም የሚጠጣው የአረቢካ ቡና መነሻው ይህን በመሰሉ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው።

ታዲያ ከዚህ የበቀለ ቡና ስሙ ለምን «አረቢካ» ሆነ? ታሪኩ ከሙስሊሞች ጋር የተሳሰረ ነው። ቡና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ከደረሰ በኋላ በ15ኛው ምዕተ ዓመት የየመን ሱፊዮች ሌሊት ለዚክር ለመንቃት ይጠጡት ነበር። ከዚያ ወደ መካና ወደ ካይሮ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1511 የመካው ገዥ ኻኢር ቤግ «ያሰክራል» በሚል ቡናን ከልክሎ የነበረ ቢሆንም ክልከላው አልዘለቀም። አውሮፓውያን ቡናን ከዐረቦችና ከቱርኮች እጅ ስለተቀበሉት የእነርሱ መስሏቸው ቀረ። በጀርመን የላይፕዚግ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1711 ጀምሮ ቡና የቀረበበት አንድ ቤት አለ፤ ስሙም «የዐረብ የቡና ዛፍ» ይባላል። ከበሩ በላይ የተቀረጸው ምስል በቡና ዛፍ ሥር የተቀመጠ ቱርካዊ ነው። በቤቱ ውስጥም የቡና ሙዚየም ተደራጅቶበታል። ከካፋ ወይም ከቤንች የመጣ ሰው ግን በዚያ ምስል ላይ የለም። ይህን ለልጆቻችን ቦንጋ ላይ ቆመን ብንነግራቸው በመጽሐፍ ከሚያነቡት ይበልጥ ይገባቸዋል።

ከእጃችን የወጣው

የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ከተማረኩ በኋላ፣ ፍሪድሪክ ቢበር የተባለ የቪየና ሰው ወደ አካባቢው ተጉዞ የሕዝቡን ወግና ልማድ መዘገበ፤ በርካታ ዕቃም ሰብስቦ ወሰደ። ስለ ካፋ የጻፈውን ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 አሳተመ። የሰበሰባቸው ዕቃዎች እስካሁን በቪየና ሙዚየሞች ይገኛሉ። የካፋ ነገሥታት ዘውድም ወደ ስዊዘርላንድ ተወስዶ ነበር፤ ወደ ሀገሩ የተመለሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። በዛሬዋ ዮርዳኖስ በኡመያዎች ዘመን የተሠራው የሙሸታ ቤተ መንግሥት የተቀረጸ የድንጋይ ግንብ ዛሬ የሚገኘው በርሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ሁለተኛ ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት በስጦታ ሰጥተውት ተነቅሎ ሄደ። የሚገኝበት የፐርጋሞን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ለሰፊ እድሳት ስለተዘጋ፣ በዚያ ያሉ ወገኖቻችን ከመሄዳቸው በፊት መከፈቱን ቢጠይቁ መልካም ነው። የሄደውን ማንሳታችን የሩቁን ሰው ለመውቀስ አይደለም። ባለቤቱ ዋጋውን ያላወቀውን ነገር ዋጋውን ያወቀ እንደሚወስደው ለማስታወስ ነው።

ጅማ፦ የአባ ጅፋር ቤት

ከቦንጋ ጉዞውን የቀጠለ ቤተሰብ ጅማ ይደርሳል። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በጅሬን ኮረብታ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። እኚህ ንጉሥ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል። ለአፄ ምኒልክ በመገበርና በስምምነት በመኖር ሀገራቸውን ከጦርነት ጠብቀው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተዋል። በዘመናቸው የጅማ ገበያ ደመቀ፤ ዑለማዎች ከየአቅጣጫው ወደ ጅማ ተሰበሰቡ፤ የኪታብ ማዕከሎች ተስፋፉ። ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ያሉ ብዙ ሸይኾች የትምህርት ሐረጋቸውን ወደ ጅማ የሚቆጥሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቤቱ በአብዛኛው በእንጨት የተሠራ ባለ ፎቅ ሲሆን፣ ሰገነቶቹና የእንጨት ቅርጾቹ የአናጢዎቹን ጥበብ ያሳያሉ። እንጨት ደግሞ ዝናብና ምስጥ የሚጎዳው ነገር ነው። ለዓመታት እየተጎሳቆለ ከቆየ በኋላ በቅርብ ዓመታት ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። በከተማው ውስጥ ያለው የጅማ ሙዚየም ደግሞ ንጉሡ ይገለገሉባቸው የነበሩ የቤት ዕቃዎችን ይዟል። ልጆቻችን ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ሊያዩ ይችላሉ።

አቅሙ የፈቀደለት ቤተሰብ ሐረርን ያክላል። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በግንቡ ውስጥም 82 መስጂዶች ይቆጠራሉ። በዚያም አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና አልባሳት በሙዚየም ተደራጅተዋል። መንግሥትም ሆነ ድርጅት ሳይጠብቅ አንድ ሰው ብቻውን ምን ያህል ሊያድን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። በአንጻሩ በትግራይ የሚገኘው የአል ነጃሺ መስጂድ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበታል። የሰሓቦች የስደት መታሰቢያ የሆነ ቦታ እንኳ በጥቂት ቀን ሊጎዳ እንደሚችል አይተናል።

ለጉዞው የሚበጁ ምክሮች

አንደኛ፣ ከመነሳታችን በፊት በስልክ ወይም ከቦታው በመጣ ሰው በኩል ሙዚየሙ የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት እንጠይቅ። የጁሙዓ ሶላትንም ግምት ውስጥ እናስገባ።

ሁለተኛ፣ ቦንጋ ከሚዛን ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ የመንገደኛ ሶላት ሕግ ይመለከተናል። ዝርዝሩን ከአካባቢያችን ኡስታዝ ጠይቀን እንነሳ። የጉዞ ዱዓም አንርሳ።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥያቄ እንስጠው። «ይህን ማን ሠራው? በምን ሠራው? እዚህ እንዴት ደረሰ?» ብሎ አስጎብኚውን ይጠይቅ፤ መልሱን በደብተሩ ይጻፍ። ማታ ለቤተሰቡ ያንብብ።

አራተኛ፣ ግድግዳ ላይ ስም አንጻፍ፤ ዕቃ አንንካ። ፎቶ ማንሳት መፈቀዱን አስቀድመን እንጠይቅ።

ከሁሉ የሚቀርበው ሙዚየም

ውድ አድማጮቻችን! ለጉዞ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብም ከዚህ መልካም ሥራ አይገለልም። በሚዛንና በቴፒ የሚኖሩ ሙስሊሞች ብዙዎቹ ከጅማ፣ ከወሎ፣ ከስልጤና ከሌላም ቦታ የመጡ ናቸው፤ ከጥንትም እዚሁ የነበሩ አሉ። በየቤቱ የአያት ኪታብ፣ የቆየ ጀበና፣ ረከቦት ወይም ሙሰብሐ አይጠፋም። የእጅ ጽሑፍ ኪታቦችን በርካሽ የሚገዙ ሰዎች ወደ በራችን ሲመጡ «አሮጌ ወረቀት ነው» ብለን አንስጥ። ኪታቡን ከእርጥበትና ከምድጃ ጢስ አርቀን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለን እናስቀምጥ። ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳወረሰን በተለየ ወረቀት ጽፈን አብረን እናኑር። ሽማግሌዎቻችን እንዴት እንደመጡ፣ የመጀመሪያው መስጂድ በማን መሬት ላይ እንደተሠራ ሲናገሩ በስልካችን ድምፃቸውን እንቅረጽ። አንድ አዛውንት ወደ አኺራ ሲሄድ የያዘውን ታሪክ ይዞት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የሚመልሰው ሙዚየም የለም።

በመጪው የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቻችንን ይዘን ቢያንስ ቦንጋን ወይም ጅሬንን እንይ። ይህ ካልሆነልን ደግሞ ከጎረቤት ካሉ አዛውንት ዘንድ ልጆቻችንን ወስደን ቡና እየተፈላ ታሪካቸውን እንስማ።

አላህ (ሱ.ወ.) ካለፉት ተምረው ለሚመጡት መልካም ከሚያቆዩት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።