ራስ ደጀንን ለመውጣት ቀናት ለምን ያስፈልጋሉ?

በሰሜን ተራሮች የሚገኘው ራስ ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ 500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው የኢትዮጵያ ጣሪያ ነው። ወደ ጫፉ በእግር የሚወጡ ተጓዦች አብዛኛውን ጊዜ ከደባርቅ ተነስተው በሳንቃበር፣ በግጭ እና በጨነቅ እያደሩ ይጓዛሉ። ጉዞው ቀናትን የሚወስደው በርቀቱ ምክንያት ብቻ ሳይሆን ሰውነት ከከፍታው ጋር መላመድ ስላለበት ጭምር ነው።

ከፍታ ሲጨምር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። በራስ ደጀን ጫፍ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው በ40 በመቶ ገደማ ያንሳል። በመሆኑም ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የሚጓዝ ሰው የማደሪያውን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር የሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ።

የመንገዱ አቀማመጥም ጉልበት ይፈትናል። ከጨነቅ የተነሳ ተጓዥ የቧሒትን መተላለፊያ ተሻግሮ ወደ መሸሃ ወንዝ ሸለቆ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የወረደውንም መልሶ ይወጣል።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ እና ማዞር የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው። ምልክቶቹ የታዩበት ሰው ሽቅብ መጓዙን ማቆም አለበት። ሚዛኑን መጠበቅ ካቃተው ወይም ዐርፎ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ወደ ታች ሊወርድ ይገባል። ወጣትና ጠንካራ መሆን ከሕመሙ አያድንም።

ዝግ ያለ ጉዞ ለአካባቢው አርሶ አደርም ይበጃል። እንግዳው አንድ ሌሊት በጨመረ ቁጥር በቅሎ አከራዩ፣ አስጎብኚው እና ምግብ አብሳዩ የአንድ ቀን ሥራ ያገኛሉ። ስለዚህ የሚቻኮልን እንግዳ ማረጋጋት ሕይወትንም ገቢንም መጠበቅ ነው።