ወደ ጅማ ለመብረር መጀመሪያ ወደ ቦሌ

የጅማ መንገድ የሚጀምረው ከኮልፌ ቀራንዮ ደጃፍ ነው፤ ከአየር ጤና ተነስቶ በዓለም ገና በኩል ሰበታ ይገባል። በአውሮፕላን ልሂድ ያለ የአየር ጤና ሰው ግን ለጅማ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከተማውን ከዳር እዳር አቋርጦ ቦሌ መድረስ አለበት። ቀላል ባቡሩ ከጦር ኃይሎች እስከ አያት ቢዘልቅም ኤርፖርት አይገባም።

ድሮ ለምዕራቡ ሰፈር ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራ በአስመራ አድርጎ ካይሮ ሲሄድ የተነሳው ከልደታ ነበር። ጄት ሲመጣ የልደታ ማኮብኮቢያ አጠረና ቦሌ ተሠራ። ለሰፈሩ የቀረው «አሮጌው ኤርፖርት» የሚለው ስም ነው።

ከቦሌ እስከ ጅማው አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና፣ የግቤን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ስላለ፣ ወደ 350 ይጠጋል። የአየሩ ርቀት የሚሰላው ከሁለቱ ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ሲሆን፣ በድቡልቡሏ ምድር ገጽ ላይ የሚያገናኛቸው አጭሩ ቅስት ነው።

የአገር ውስጥ መስመሮችን የሚሸፍነው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበራል። ርቀቱን ለፍጥነቱ ቢያካፍሉት 24 ደቂቃ ይወጣል። ትኬቱ ላይ ያለው ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው!

የትኬቱ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ነው፤ የሚያበቃውም መድረሻው ላይ ሲቆም። ወደ ማኮብኮቢያው ማዝገሙ፣ ተራ መጠበቁ፣ ሽቅብ መውጣቱ፣ ፍጥነት ቀንሶ መውረዱ ሁሉ አለበት። አውሮፕላን ደግሞ ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው የሚነሳው፤ ነፋሱ ከምሥራቅ ከመጣ የጅማ መንገደኛ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ተነስቶ በአየር ላይ ይዞራል። በአጭር መስመር ላይ ሙሉ ፍጥነቱን የሚጠቀምባት ጊዜ በጣም ትንሽ ናት።

በረጅም መስመር ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው። ሆኖም ከዋሽንግተን የሚመጣው በረራ ሳይቆም ቦሌ ሲገባ፣ የሚሄደው እንደ ደብሊን ባለ ከተማ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። ምክንያቱ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ይሳሳበታል። ሰውና ጭነት ሞልቶ፣ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ ከዚህ መነሳት ይከብደዋል። በሰሜኑ ሰማይ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ደግሞ ሂያጁን ወደ ኋላ ሲገፋ መጪውን ያግዛል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ስፍራ ላይ ነው፤ አውሮፕላኖች ከዚያ የበለጠ ክብደት ይዘው መነሳት ይችላሉ። ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኮልፌ ሲነሱ ደግሞ ከተማውን ማቋረጡ ይጨመርበታል።