የሀገረ ስብከት ካህን ማን ነው?

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ክህነት አንድ ቢሆንም ካህናቱ የሚኖሩበት ሥርዓት ሁለት ነው። የሀገረ ስብከት ካህን የሚባለው በአንድ ጳጳስ ሥር፣ በአንድ ሀገረ ስብከት ውስጥ እንዲያገለግል የተሾመው ነው። የማኅበር ወይም ገዳማዊ ካህን ደግሞ እንደ ካፑቺን፣ ኢየሱሳውያን ወይም ሳሌዥያን ባለ ማኅበር ውስጥ ገብቶ፣ በማኅበሩ ደንብና በአለቃው ትእዛዝ የሚኖር ነው።

የመጀመሪያው በላቲን «የዓለም ካህን» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠራል። ቃሉ በዓለም ውስጥ፣ በምእመናን መካከል የሚኖር ለማለት እንጂ ሃይማኖቱ የላላ ለማለት አይደለም። በአማርኛ ግን «ዓለማዊ ካህን» ማለት ስድብ ሊመስል ስለሚችል «የሀገረ ስብከት ካህን» የተሻለው ስም ነው።

ልዩነቱ በሹመቱ ዕለት ጭምር ይታያል። በላቲን ሥርዓት ተሿሚው ተንበርክኮ ሁለት እጆቹን በጳጳሱ እጆች መካከል ያደርጋል። የሀገረ ስብከቱ ካህን ለጳጳሱና ለተተኪዎቹ እንደሚታዘዝ ቃል ይገባል፤ የማኅበሩ ካህን ግን ከጳጳሱ ጋር ለገዛ አለቃውም መታዘዙን ያክላል። ገዳማዊው ከዚያ አስቀድሞ የድህነት፣ የንጽሕናና የታዛዥነት መሐላ ፈጽሟል። የሀገረ ስብከቱ ካህን የድህነት መሐላ ስለሌለበት በስሙ ንብረት ሊኖረው፣ የአባቱን ቤትም ሊወርስ ይችላል፤ ሕጉ የሚጠይቀው ኑሮው ቀላል እንዲሆን ነው። ገዳማዊው ግን ሠርቶ የሚያገኘው ገንዘብ የማኅበሩ ነው።

አለቃ የሌለው፣ ከቦታ ቦታ የሚዞር ካህን በቤተ ክርስቲያኒቱ አይፈቀድም። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕግ እያንዳንዱ ካህን በሀገረ ስብከት ወይም በማኅበር እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ምዝገባው የሚጀምረውም ከዲቁና ነው። የሀገረ ስብከት ካህን እንደ ማኅበርተኛው ከአገር አገር አይዛወርም፤ ዕድሜውን የሚጨርሰው ብዙውን ጊዜ በዚያው አካባቢ ነው። ፈረንሳዊው ዮሐንስ ቪያኒ ከ1818 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1859 ድረስ አርስ በምትባል አንዲት ትንሽ መንደር አገልግሏል፤ ዛሬ የቁምስና (የአጥቢያ) ካህናት ጠባቂ ቅዱስ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቁምስና ካህን ሁሉ የሀገረ ስብከት ካህን አይደለም። ጳጳሱ ከማኅበሩ አለቃ ጋር ተስማምቶ ቁምስናን ለማኅበሩ ሊሰጥ ይችላል። በኢትዮጵያ ደግሞ የካቶሊክ አገልግሎት በአብዛኛው የተተከለው በማኅበራት እጅ ነው፤ ላዛሪስት ከሚባለው ማኅበር ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 እ.ኤ.አ. ገባ፣ ማሳያ የተባለው ካፑቺንም በ1846 ለኦሮሞ አገር ተሾመ። የማኅበር ሰው ጳጳስ ከመሆንም አይታገድም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ካርዲናል የሆኑት ብፁዕ አቡነ ብርሃነ ኢየሱስ የላዛሪስት ማኅበር ልጅ ናቸው።

ምእመናን ሁለቱንም «አባ» ብለው ስለሚጠሩ በመጠሪያ መለየት አይቻልም። በጽሑፍ ግን ማኅበርተኛው ከስሙ በኋላ የማኅበሩን ምህጻረ ቃል ያኖራል፤ ለላዛሪስት ሲ.ኤም.፣ ለኢየሱሳውያን ኤስ.ጄ.። የሀገረ ስብከቱ ካህን ከስሙ በኋላ እንዲህ ያለ የማኅበር ምህጻረ ቃል የለውም።