የገብስ ማዕድ፦ ከአንኮበር እስከ ኮርያ

አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ምሳዎን ምን በሉ? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ይሁን እንጂ የአንድን አገር ሕዝብ ኑሮ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይኸው ነው። የበዓል ቀን ድግስማ በየትም አገር ያማረ ነው፤ ድሀውም ቢሆን ተበድሮ ይደግሳል። የአገሩ አየር፥ የመሬቱ ጠባይና የሰዉ የኪስ ልክ የሚታወቀው በተራው ቀን ምሳ ላይ ነው።

ዛሬ የሁለት አገሮችን የተራ ቀን ምሳ ጎን ለጎን አድርገን እንመለከታለን። አንደኛው የሰሜን ሸዋ፥ ይኸውም የደብረ ብርሃንና የአንኮበር ማዕድ ነው። ሁለተኛው የኮርያ ነው። ኮርያን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደዚያች አገር ዘመተ፤ ተከታትለው ከሄዱት ሻለቆች ጋር ከ120 የሚበልጡ ወታደሮቻችን ሕይወታቸውን በዚያ ሰጥተዋል። በዚያ ዘመን ኮርያ ጦርነት ያቃጠላት የድሆች አገር ነበረች፤ ዛሬ ደቡብ ኮርያ ከዓለም ሀብታም አገሮች አንዷ ናት። ሁለቱን ሕዝቦች ከፈሰሰው ደም ሌላ አንድ እህል ያገናኛቸዋል፤ እርሱም ገብስ ነው። ኮርያውያን ይህን እህል እንዴት እንደ ናቁትና እንዴት መልሰው እንደ አከበሩት ማወቅ፥ ለተማሪውም ሆነ ለጀማሪው የመንግሥት ሠራተኛ ትምህርት አለው።

የብርድ አገር ምግብ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። የቆረቈሯት በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል። ጤፍ ይህን ብርድ አይወድም፤ ገብስና ባቄላ ግን ይስማማቸዋል። ስለዚህ በአካባቢው ገጠር ለምሳ የሚቀርበው እንጀራ ብዙ ጊዜ የገብስ ነው፤ ከጤፉ ወፈር ያለና ሆድ የሚይዝ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ መሬቱ በድንገት ይቈረጥና አንኮበርን ያገኛሉ። አንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ፥ በኋላም የዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫ ነበረች። ከአፋፉ ላይ ቆመው ቁልቁል ቢመለከቱ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው አገር ከእግርዎ ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ከአንኮበር በታች ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ደገኛው እህሉን፥ ቆለኛው ደግሞ ጨውና ጥጡን ይዞ ለብዙ ዘመን ሲገበያይ ኖሯል። እንግዲህ በአንድ ድስት ሽሮ ውስጥ ሁለት አየር አለ፤ ባቄላው የብርዱ አገር ልጅ ነው፥ ጨውና በርበሬው ከሞቃቱ አገር የወጡ ናቸው።

አንድ እህል በብዙ መልክ

አባቶች ገብስን «የእህል ንጉሥ» ይሉታል። ይህ ስም ለሙገሳ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ በአንድ ቤት ውስጥ የገብስን ያህል ብዙ ሥራ የሚሠራ እህል የለምና። ጠዋት ተከክቶ ሲቀቀል ቅንጬ ነው። ዱቄቱ በፈላ ውሃ ሲገነፋ ገንፎ ይሆናል፤ ይህም አራስ የምትጠየቅበት ምግብ ነው። ቀን እንጀራ፥ ቂጣና ዳቦ ይሆናል። ሲቆላ ቆሎ፥ ተቆልቶ ሲፈጭ በሶ፥ በሶው በተነጠረ ቅቤ ሲታሽ ጭኮ ይባላል። ማታም እንግዳ ሲመጣ በጠላነት ይቀርባል።

ለእያንዳንዱም ሥራ ተስማሚ ዘር አለው። ገለባው ያለ ብዙ ድካም የሚለቅ፥ ለቆሎ የሚመረጥ አንድ ዓይነት ገብስ አለ፤ ሰዉ «ሰነፍ ቆሎ» ይለዋል። ሰነፍ እንኳ ቢሆን ከእርሱ ቆሎ አያጣም ለማለት ነው።

ሌላው ገብስ ግን ለሰነፍ አይሆንም። በሶ የሚሆነው ገብስ በውሃ ረጥቦ በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል፤ ደርቆ ይቆላል፤ ተቆልቶም ይፈጫል። እናቶችና እኅቶች በዚህ ላይ የሚያፈሱት ጉልበት ቀላል አይደለም። በሶውን በከተማ ቁጭ ብሎ የሚጠጣ ልጅ ይህን ድካም ቢያስበው መልካም ነው። ነገር ግን ድካሙ አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ ምግቡ እሳት አይፈልግም፤ በስሎ ያለቀ ዱቄት ስለ ሆነ ውሃና ጨው ብቻ ይበቃዋል። መንገደኛውና ዘማቹ በሶን ስንቃቸው ያደረጉት ስለዚህ ነው። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ደጅ ዜማና ቅኔ የሚማረውም ልጅ «የቆሎ ተማሪ» ተብሎ የሚጠራው ይህ ደረቅ ስንቅ ከትምህርቱ ጋር አብሮ ስለሚኖር ነው። አንባቢ ሆይ፥ በአገራችን ተማሪነትና ገብስ የቆየ ዝምድና አላቸው።

ከገብሱ እንጀራ ጋር በተራው ቀን የሚቀርበው ሽሮ ወይም ክክ ወጥ ነው። በጾም ወራት ስልጆ ይጨመራል። ስልጆ የሚሠራው የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፥ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት፥ ለጥቂት ቀናት ሲብላላ ነው። የመንዝ በግ የሚታረደው ለበዓል ወይም ለእንግዳ ነው።

የገብስ ዳገት

ኮርያውያን «ቦሪትኮጌ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ ትርጓሜውም «የገብስ ዳገት» ማለት ነው። ቃሉ የሚናገረው ስለ ተራራ አይደለም፤ ስለ ረኀብ ወራት ነው። በመስከረምና በጥቅምት የታጨደው ሩዝ መጋቢት ሲደርስ ከጎተራ ያልቃል፤ ገብሱ ደግሞ እስከ ግንቦት መጨረሻ አይደርስም። በመካከሉ ድሀው ገበሬ የዱር ቅጠልና የዛፍ ልጥ እየቀቀለ ያንን ጊዜ እንደ ዳገት ይወጣው ነበር። ከዳገቱ ጫፍ ላይ የሚጠብቀው ገብስ ነው።

የሰሜን ሸዋ ገበሬ ይህን ቃል ባይሰማውም ነገሩን ያውቀዋል። የመኸሩ እህል የሚያልቅበት ወቅት ክረምት ነው። በደጋው ክፍል ግን በበልግ ዝናብ በጥርና በየካቲት የተዘራ ገብስ በሰኔና በሐምሌ ይታጨዳል፤ ይኸውም ጎተራው በሚጎድልበት፥ ዝናቡና ብርዱ በሚበረታበት ጊዜ ነው። የበልጉ ዝናብ የቀረ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ የመኸሩ እሸት እስኪደርስ ድረስ በእጁ የሚይዘው አይኖርም። ንጉሥ የተባለው እህል ንግሥናውን የሚያሳየው በዚህ ጊዜ ነው።

የኮርያውያን ምሳ

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ኮርያን በጎበኙ ጊዜ፥ በቹንቾን ከተማ ለዘማቾቻችን የቆመው ሐውልት ተመረቀ። በዚያው አካባቢ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የቡና መጠጫ ቤት አለ። እስቲ ከዚያ ቡና በፊት ምሳ እንብላ።

የኮርያ ገበታ እንደ እኛ መሶብ የጋራ ነው፤ ልዩነቱ ሩዙና ሾርባው ለእያንዳንዱ ሰው በየጎድጓዳ ሳህኑ መቅረቡ ነው። በመካከል የሚደረደሩትን ልዩ ልዩ ማባያዎች ሁሉም በማንኪያና ከብረት በተሠሩ ሁለት ቀጫጭን እንጨት መሰል መቆንጠጫዎች እያነሣ ይመገባል። ከማባያዎቹ አንዱ ከገበታው ፈጽሞ አይጠፋም፤ እርሱም ኪምቺ ነው። ኪምቺ ጥቅል ጎመን በጨው ታሽቶ፥ በርበሬ፥ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶበት የሚብላላ ምግብ ነው። ስልጆ ለለመደ ሰው የኪምቺ ኮምጣጣነትና ማቃጠል እንግዳ አይሆንበትም። ለክረምት የሚሆነውን ኪምቺ ጎረቤት ተሰብስቦ በአንድነት የማዘጋጀቱን ልማድ ዩኔስኮ በ2006 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

በቤት ከሚሠሩት ምሳዎች መካከል ማንዱ የተባለው ይገኛል። የስንዴ ሊጥ በስሱ ተዳምጦ በክብ ይቈረጣል። የተፈጨ ሥጋ፥ ኪምቺ፥ ሽንኩርትና ከአኩሪ አተር የተሠራ አይብ መሰል ነገር ተቀላቅሎ በመካከሉ ይደረጋል፤ ጠርዙም በጣት ተቆንጥጦ ይዘጋል። ከዚያ በእንፋሎት ይበስላል፥ ወይም በሾርባ ውስጥ ይቀቀላል። የእኛን ሳምቡሳ ይመስላል፤ ነገር ግን ሳምቡሳ በዘይት ይጠበሳል፥ ማንዱ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት አያስፈልገውም። የትላንት ኪምቺና የተረፈች ትንሽ ሥጋ ለመላው ቤተ ሰብ ምሳ ሲሆኑ ማየት ለደመወዝተኛ ትልቅ ዘዴ ነው። በአዲስ ዓመታቸው ቤተ ሰቡ ክብ ሠርቶ ተቀምጦ እያወራ ማንዱ ይጠቀልላል። የስንዴ ዱቄት በኮርያ የበዛው ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ እርዳታ በገባው ስንዴ ምክንያት ነው።

ወደ ምግብ ቤት ሲገቡ ደግሞ ዓሣ ይጠብቅዎታል። ኮርያ በሦስት ወገን ባሕር ይከባታልና በጨው ታሽቶ በፍም የተጠበሰ ዓሣ፥ ከነጭ ፍጅል ጋር በበርበሬ የተወጠወጠ ዓሣ፥ እንዲሁም የሚያቃጥል የዓሣ ሾርባ የሠራተኛው የዘወትር ምሳ ነው። በእኛ ከተሞች ዓሣ ጥብስና ዓሣ ጉላሽ ቢገኝም፥ ለሰሜን ሸዋ ደገኛ ዓሣ ከሩቅ ሐይቅ የሚመጣ እንግዳ ነው። የደገኛው ዓሣ ባቄላው ነው ቢባል አልተሳሳትንም፤ ሰውነት የሚገነባውን ፕሮቲን የሚያገኘው ከእርሱ ነውና።

የተናቀው እህል

ጦርነቱ በ1945 ዓ.ም. ከቆመ በኋላ በኮርያ ሩዝ ለሕዝቡ አልበቃም። ስለዚህ መንግሥቱ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሕዝቡ ሩዙን ከገብስ ጋር ቀላቅሎ እንዲበላ አስገደደ። በምግብ ቤቶች ሩዝ የማይሸጥባቸው ቀኖች ተወሰኑ። በትምህርት ቤትም አስተማሪው በምሳ ሰዓት የተማሪዎቹን የምሳ ዕቃ እያስከፈተ ገብስ መቀላቀሉን ይመለከት ነበር። ገብስ መብላት የሚያሳፍራቸው ልጆች ከላይ ብቻ ጥቂት ፍሬ በትነው አስተማሪውን ለማታለል ይሞክሩ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የሩዙ ምርት ለአገሩ ሲበቃ ትእዛዙ ቀረ፤ ሕዝቡም የድህነት መታሰቢያ የሆነበትን ገብስ ከገበታው አራቀው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍነው ነበር። ዛሬ በኮርያ ከተሞች የገብስ ሩዝ ከልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠልና ከበርበሬ ድልህ ጋር የሚሸጡ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ስሙ ቦሪባፕ ይባላል። ድሮ በግድ የተበላውን ዛሬ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይበላዋል። ጠቆር ተደርጎ ተቆልቶ በውሃ የተፈላ ገብስ፥ ቦሪቻ የተባለው፥ በብዙ ቤት እንደ ተራ ውሃ ይጠጣል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሚሱጋሩ የሚባለው ነው። ገብስ፥ ሩዝና ባቄላ መሰል ጥራጥሬ ተቆልቶ ይፈጫል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ በማር ወይም በስኳር ይጠጣል። አንባቢ ሆይ፥ ይህ ከእኛ በሶ በምን ይለያል?

ከእኛ የሚፈለገው

አንድ ወጣት ከአንኮበር ወይም ከመንዝ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ከተማ ሲመጣ እናቱ በሶና ቆሎ ትቋጥርለታለች። ብዙ ጊዜም ያንን ቋጠሮ ከአልጋው ሥር ይደብቀዋል፤ በጓደኞቹ ፊት ብስኩት ገዝቶ ይበላል። ወሩ ሳይጋመስ ደመወዙ በምግብ ቤት ያልቅና ብድር ይጀምራል። ያፈረበት ምግብ ግን ከገዛው ይሻል ነበር። በገብስ ውስጥ ያለው ልዩ አሰር የደም ስኳር በፍጥነት እንዳይወጣ ያግዛል፤ የደም ኮሌስትሮልንም ይቀንሳል። ቶሎ ስለማይፈጭም እስከ ማታ ሆድ ይይዛል። ገብስ የሚጎድለው ሊሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ነው፤ እርሱ በባቄላና በሽምብራ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ የገብስ ቆሎ ከሽምብራ ጋር፥ የገብስ እንጀራም ከባቄላ ሽሮ ጋር ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሳይንስ በቅርቡ የደረሰበትን እናቶቻችን በገበታቸው ላይ ቀድመው ሠርተውታል።

ጉዳዩ ከኪስና ከሆድም ያልፋል። ዛሬ በደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካዎች አሉ፤ ለብቅል የሚሆነው ገብስ ለገበሬው ገንዘብ ያስገኛል፥ ይህም መልካም ነው። ይሁን እንጂ የምግብ ገብስን ከተሜው ካልበላው ገበሬው ሊዘራው አይችልም፤ ያልተዘራም ዘር ይጠፋል። የኢትዮጵያ ገብስ ዓይነት ብዛት በዓለም የታወቀ ነው። በ1950ዎቹ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ገብስን አቢጭቶና አቀጭጮ የሚያጠፋውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ዘር ሲፈልጉ ያገኙት ከኢትዮጵያ በሄደ ገብስ ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ ያለው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ዘሮችን በማቀዝቀዣ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ዘር የሚኖረው በእርሻና በገበታ ላይ ጭምር ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ቢሮ ወይም ክፍል ሲሄዱ በከረጢትዎ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ይያዙ። የመክሰስ ሰዓት ሲሆን ሦስት ማንኪያ በሶ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ጥቂት ጨው ወይም ማር ይጨምሩበት። በሳምንት አንድ ቀን ጓደኛዎችዎን ጠርተው ኮርያውያን ማንዱ እንደሚጠቀልሉ አንዱ እየከተፈ፥ ሌላው እያማሰለ የቤት ምሳ ይሥሩ። የምግብ ቤቱን ዓሣ ደመወዝ በተቀበሉበት ቀን ይብሉት፤ በሌላው ቀን ግን ከቤት የተላከልዎትን ቋጠሮ ፈትተው ከጓደኛዎችዎ ፊት ያቅርቡት። ኮርያውያን ገብሳቸውን ለማክበር ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ የእኛ ግን ገና ከእጃችን አልወጣም።