ለደጋ ግቢ የሚሆን ትንሽ የተራራ አትክልት ስፍራ

በስልክና በመጽሔት የምናያቸው አልፓይን የሚባሉት የተራራ አትክልት ስፍራዎች አብዛኞቹ የአውሮፓ ናቸው። በድንጋይ መካከል መሬት የያዙ ትንንሽ አበቦች፣ ጥግ ላይ አንዲት ድንክ ጥድ። ደብረ ብርሃን ወይም እንጦጦ ሥር ግቢ ያለው ሰው ይህን ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን እነዚያ አበቦች የዓመቱን ግማሽ ያህል በበረዶ ሥር ተኝተው ማሳለፍ የለመዱ ናቸው። የእኛ ደጋ እንዲህ ያለ እንቅልፍ አይሰጥም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይመታል፣ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ በማግስቱም ያው ነው። ይህን ኑሮ የቻሉ ዕፅዋት በስሜንና በባሌ ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳም ሞልተዋል። ምርጫው ከእነሱ ቢጀምር ይሻላል።

ከተክሉ በፊት ግን አፈሩ ይታይ። የተራራን ተክል ከብርድ ይልቅ የሚገድለው ሥሩ ላይ የተኛ ውኃ ነው። ብዙ የደጋ ግቢ ደግሞ መረሬ አፈር ነው፤ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መረሬን ቆፍሮ ጥሩ አፈር መሙላት ብዙ አይረዳም፤ ጉድጓዱ እንደ ገንቦ ውኃ ይይዛል። ከመቆፈር መከመር ይሻላል። ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ፣ አንድ እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ቅጠል፣ አንድ እጅ ደቃቅ ጠጠር ወይም ቀይ አሽ ቀላቅሎ መደልደል ነው። ቀይ አሽ በተለይ ደስ ይለኛል፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ውኃውን እያሳለፈ አየር ያስቀራል። ፍግ ግን አይብዛ። በፍግ የሰባ ተክል ቅጠሉ ይለሰልስና የመጀመሪያው ውርጭ ይጠብሰዋል።

በክምሩ ላይ የሚቀመጡት ድንጋዮች ሲሶአቸው ያህል ይቀበሩ፣ ወደ ኋላ ትንሽ ያዘንብሉ፤ ዝናቡ ወደ ሥሩ ይወርዳል። በሲሚንቶ ማያያዝ አያስፈልግም። ከሲሚንቶ የሚወጣው ኖራ ቀጥሎ ለምናነሳው ዛፍ አይስማማውም።

ዛፉ አንድ ብቻ ይሁን። ኮሶና የሐበሻ ጥድ የደጋ ጌጦች ቢሆኑም ለትንሽ ግቢ አይሆኑም፤ ያድጉና ሁሉንም በጥላቸው ይውጡታል። የእኔ ምርጫ አስታ ነው። ቅጠሉ መርፌ የመሰለ፣ ነጭ አበባው ንብ የሚጠራ፣ ከሜዲትራኒያን ዳርቻ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች የሚበቅል ተክል ነው፤ በአውሮፓ የትምባሆ ፒፓ የሚፈለፈለው ከዚሁ ተክል የሥር ጉጥ ነው። ኮምጠጥ ያለ አፈር ይወዳል። ቢቆረጥ እንደገና ከሥሩ ስለሚያቆጠቁጥ በመቀስ እየከረከሙ በሰው ቁመት ማቆየት ይቻላል። ከዱር ነቅሎ ማምጣት ግን ጥፋት ነው፤ ለተራራውም አይበጅም፣ ሥሩ ቀጫጭን ስለሆነ ተክሉም ብዙ ጊዜ ይደርቃል። ችግኝ ጣቢያ አስታ ካልተገኘ ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ ጥሩ ምትክ ነው።

ከዛፉ ሥር የሚተከሉትን በቁመታቸው መምረጥ ይቀላል። ለድንጋዩ ጠርዝ ከጦስኝ የተሻለ አላውቅም። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ፀሐይ የሚወድ ነው፤ ሲረግጡት ይሸታል፣ ለሻይም ይቆረጣል። ግንዱ መሬት የነካበት ቦታ ሥር ስለሚያወጣ ከጎረቤት አንድ ቁራጭ ከተገኘ ይበቃል። መካከል ላይ ሁለት ሦስት እግር ጓሳ ሣር ሲቆም ነፋሱ እንቅስቃሴ ይሰጠዋል። አሽንዳ ደግሞ እንደ ችቦ የቆመ ቢጫና ብርቱካናማ አበባ አለው፤ ከሌሎቹ ይልቅ እርጥበት ስለሚወድ ውኃው የሚወርድበት ታችኛው ጫፍ ላይ ይተከል። ጅባራን ግን ይተዉት። ዓመታት ጠብቆ አንዴ ያብብና ይሞታል፤ የአበባው ዘንግም ከሰው በላይ ይረዝማል። እሱን ስሜን ወይም የባሌውን ሳኔቲ ሄዶ ማየት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አስታው ጦስኙን ከከሰዓት ፀሐይ እንዳይጋርደው ወደ ምሥራቅ በኩል ይቁም።

መትከያው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው፤ ውርጩ ሳይደርስ ሥር ይይዛሉ። ከተተከሉ በኋላ በአንገታቸው ዙሪያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ይነስነስ፤ ጭቃ ቅጠሉ ላይ አይረጭም፣ አንገቱም አይበሰብስም። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ሁለቴ፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላ፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን ማጠጣት ይበቃል። ሰርዶ ከድንጋይ ሥር ከገባ ግን ላዩን ማጨድ አያዋጣም፤ ድንጋዩን አንስቶ ከነሥሩ መንቀል ነው።